የቱርቦ ሞተር ሲወርድ፦ ዳግም የመገንባትና የማጎልበት ዳሰሳ

ቱርቦ በማርሚታ ወጥቶ ሊባክን የነበረውን የጭስ ጉልበት ለሞተሩ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ከሲሊንደር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ኮምፕረሰር ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር ሲበዛ የሚቃጠለው ነዳጅ ይበዛል፤ ነዳጁ ሲበዛ ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ያድጋሉ። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ውስጥ የሚሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሙቀትና ዘይት፦ የቱርቦ ሞተር ብልሽት ከነዚህ ከሁለቱ ርቆ አይሄድም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበበት (በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የተገጠመለትን ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ አውጥቶ ፈተነው። አየር በሳሳበት ቦታ ሞተር ጉልበቱን እንዳያጣ ማድረግ የቱርቦ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ወደ መኪና የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1962 ለገበያ የቀረበው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይነድ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭለት ነበር። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት እየዘነጉ አስቸገሩ፤ በመጨረሻ አምራቹ ራሱ ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር እስከ መግጠም ደረሰ። ጉልበት ጨምሮ ጉልበቱ የሚጠይቀውን አለማሟላት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ በሽታ ነው።

ከፍታ የቱርቦን ሥራ ያከብደዋል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ 101 ኪሎፓስካል የነበረው ወደ 76 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን ይሞላዋል፤ ዋጋ ግን ይከፍልበታል። በባሕር ወለል 1 ባር የሚጨምር ቱርቦ አየሩን ሁለት እጥፍ ያምቃል። ያንኑ የመጨረሻ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ለመስጠት 2.6 እጥፍ ማመቅ አለበት። ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ኮምፕረሰር በመጀመሪያው ሁኔታ በ25 ዲግሪ የገባለትን አየር ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ በሁለተኛው በ20 ዲግሪ የገባው አየር ከ150 ዲግሪ አልፎ ይወጣል። ደጋ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩም አይጎዳም የሚለው አስተያየት ይህን ሂሳብ ይዘነጋል።

በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ሁለት ሞተሮች በምሳሌነት ይመላለሳሉ። አንደኛው የሱባሩ ኢጄ25 ቱርቦ ቤንዚን ሞተር ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ፣ 2,457 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 99.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 79 ሚሊሜትር። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2021 ሞዴል ድረስ ኤስቲአይ በተባለው የሱባሩ የስፖርት መኪና ላይ ተገጥሞ ከ300 እስከ 310 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷል። ይህን ያህል ጊዜ የወረደ፣ የተፈታና ዳግም የተሠራ ሞተር ጥቂት ስለሆነ የሚሰበርበት ቦታ ሁሉ በደንብ ይታወቃል። ሁለተኛው የቶዮታ ዲፎርዲ ናፍጣ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አባዱላ በሚባለው ሃይስ፣ በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ የሚገኘው።

ሱባሩ ላይ ጎልተው የሚታዩት የሞት ዓይነቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የፒስተን ነው። የኢጄ25 ፒስተን ሲሊኮን የበዛበት ቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ነው፤ ጠንካራና መጠኑ በሙቀት ብዙ የማይለዋወጥ፣ በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ። ነዳጁ በካንዴላው ብልጭታ ተራ ይዞ መንደዱን ትቶ ገና ያልነደደው ክፍል በድንገት ሲፈነዳ፣ ኖኪንግ የሚባለው ማለት ነው፣ የግፊቱ ምት ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ፣ መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ ይሰብረዋል። መኪናው ወዲያው አይቆምም። ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ያሳያል፣ የአንዱ ሲሊንደር ግፊት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ተጎጂው አራተኛው ሲሊንደር ነው።

ሁለተኛው ክራንክሻፍቱን የሚያቅፈው ስስ ማረፊያ፣ የብሮንዚና፣ ነው። ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ከኮፓው፣ ዘይት የሚስበው ቱቦ የተበየደበት ቦታ ላይ ይሰነጠቅና ከዘይት ጋር አየር መሳብ ይጀምራል። ፓምፑ አየር ይዞ ግፊት መጠበቅ አይችልም፤ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ወይም ከፍ ባለ ዙር ሲነዳ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው የቢየላ ብሮንዚናዎች ለሰከንዶች ያህል ደርቀው ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ከሥር የሚመጣ፣ ከዙሩ ጋር የሚፈጥን ኳኳታ ነው። አንዳንድ ሾፌሮች ራዲዮ ከፍ አድርገው ቤት ለመድረስ ይሞክራሉ፤ ቢየላው ብሎኩን በስቶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ወደ ቱርቦው የሚሄደው የዘይት መስመር ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት ተደፍና ቱርቦውን አድርቃ የገደለችበት ጊዜም አለ።

ዲፎርዲው ዘንድ ታሪኩ ከላይ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን እዚያው ኮፓ ውስጥ ነው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ የሚቃጠለው ጋዝ በጎኗ ያፈተልካል። ጋዙ ከሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ከቴስታታው፣ በላይ ካለው ዘይት ጋር ተገናኝቶ ዘይቱን እንደ ሬንጅ ያጠቁረዋል፣ ያጠጥረዋል። ያ ጥቁር ጥላሸት ወርዶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ሙሉ ነው፣ ቀለሙም ለሾፌሩ እንግዳ አይደለም፤ የናፍጣ ዘይት ሁልጊዜም ጥቁር ነውና። መብራቱ ሲበራ ቱርቦውና ብሮንዚናው አልቀዋል። ዋጋዋ ኢምንት የሆነ ቀለበት ሙሉ ሞተር ታስወርዳለች። ከዲፎርዲ በፊት የነበረው ባለ 3.0 ሊትሩ 1ኬዜድ ደግሞ የታወቀው በሌላ ነው፦ ሲግል የአሉሚኒየም ቴስታታው ይሰነጠቃል።

አንዱ ቤንዚን ሌላው ናፍጣ፣ አንዱ የስፖርት መኪና ሌላው የሰው ማጓጓዣ ሆነው ሳለ ሁለቱም በዘይት መሳቢያው ወንፊት አፍ ላይ ይገናኛሉ። ስለ ማጎልበት ሲወራ ስለ ፎርጅድ ፒስተንና ስለ ትልቅ ቱርቦ ብዙ ይነገራል፤ ስለዚህች የዘይት መሳቢያ ቱቦ የሚያወራ ጥቂት ነው።

የሞተ ሞተር ሲፈታ ዋናው ሥራ ምክንያቱን ማግኘት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሠራ ሞተር፣ የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገባበት፣ በዚያው ምክንያት ሁለተኛ ይወርዳል። ምርመራው ሞተሩ ገና መኪናው ላይ እያለ ይጀመራል። የሲሊንደር ግፊት ይለካል፤ ከዚያ ሲሊንደሩ በአየር ተሞልቶ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይታያል። አየሩ በዘይት መሙያው በኩል ከተነፈሰ ፋሻ ወይም ፒስተን ነው፤ በማርሚታ ወይም በአየር ማስገቢያ በኩል ከሆነ ቫልቭ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ ነው። እዚህ ላይ የከፍታ ጉዳይ ይመለሳል። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ከአካባቢው አየር ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ በባሕር ወለል 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር አዲስ አበባ ላይ 8 ባር ተኩል እንኳ ላይሞላ ይችላል። የአምራቹን መጽሐፍ ዝቅተኛ ወሰን እንዳለ ወስዶ ሞተሩን መኮነን ጤነኛን ማረድ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል።

ሞተሩ ወርዶ ኮፓው ሲከፈት የሚታየው ይበልጥ ግልጽ ነው። ከሥሩ የተጠራቀመው ዘይት ወደ ነጭ ሳህን ተገልብጦ በፀሐይ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብሮንዚና ተፍቋል። ማግኔት ቢነከርበት የሚይዘው የብረቱን ብቻ ነው፤ አሉሚኒየምና የብሮንዚና ሽፋን በማግኔት አይያዙምና ማግኔቱ ንጹሕ ወጣ ማለት ዘይቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ብሮንዚናዎቹ ከየቦታቸው ወጥተው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ላዩ ግራጫ ነው፣ ሲፋቅ ከሥሩ ቀዩ መዳብ ይታያል። ሁሉም እኩል ተፍቀው ከሆነ ዘይቱ ለሁሉም ጠፍቷል፤ አንዱ ብቻ ተለይቶ ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ቢየላ ላይ ነው። ፒስተኑም ይናገራል። አናቱ ዳር ዳሩን በመርፌ የተወጋጋ ከመሰለ ኖኪንግ ነው። ጠርዙ ቀልጦ ወይም መሐሉ ተበስቶ ከሆነ ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። ከአራቱ አንዱ እንደታጠበ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ሲገባበት ቆይቷል። ካንዴላው ጫፍ ላይ የተረጩ ብናኝ የአሉሚኒየም ጠብታዎች ካሉ ፒስተኑ ገና ሳይከፈት መፍረዱ ይቻላል።

በቱርቦው ላይ መፍረድ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። “ቱርቦው ተበላሽቶ ሞተሩን ገደለው” የሚለው ፍርድ ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ ይሰጣል። በአብዛኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ቱርቦ ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ስለሚጠጣና ዘንጉ ከሁሉም ይበልጥ ስለሚፈጥን የዘይት ጉድለትን ቀድሞ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ዘንጉ በጣት ሲነቀነቅ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ወይም ክንፉ ግድግዳውን የነካ ከሆነ አልቋል። በእርግጥ ቱርቦ ራሱ ገዳይ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። የናፍጣ ሞተር ቱርቦ ዘይቱን ወደ አየር ማስገቢያው ሲያፈስ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ዙሩን ይጨምራል። ቁልፍ ቢጠፋም አይቆምም፤ መንገዱ በነጭ ጭስ ይሸፈናል፣ ሞተሩ እየጮኸ እስኪሰበር ይሄዳል። መፍትሔው አየሩን መዝጋት ወይም መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ፍሬን ተይዞ እንዲታነቅ ማድረግ ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ፦ ያገለገለ ሞተር መግዛት፣ ከታች ያለውን ክፍል አዲስ ገዝቶ የራስን ቴስታታ መግጠም፣ ወይም የራስን ሞተር ዳግም መሥራት። ያገለገለ ሞተር ታሪኩ የማይታወቅ ሞተር ነው። ሻጩ ከጃፓን የመጣ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ የሄደ ነው ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም በየቀኑ ገቢ ለሚጠበቅበት ሚኒባስ ይህ መንገድ ሞኝነት አይደለም፤ መኪናው የሚቆምባቸው ሳምንታት ራሳቸው ወጪ ናቸው። የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ የተገዛ ሞተር ከመገጠሙ በፊት ኮፓው ተከፍቶ ወንፊቱ ቢታይ፣ ቺንጋው፣ የውሃ ፓምፑና የኢንጀክተር ቀለበቶቹ ቢቀየሩ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ለሱባሩ ኤስቲአይ አዲስ የታች ክፍል ማስመጣት ይቻላል፤ ይህ ግን ያንኑ ተሰባሪ ፒስተን አዲስ አድርጎ መግዛት ነው። ጉልበት ሳይጨመርበት ለሚነዳ ሰው በቂ ነው፤ ለማጎልበት ላሰበ ግን ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ሦስተኛው መንገድ ክብደቱ ጨምሯል። ያለው መኪና በቀላሉ በሌላ የማይተካ ሲሆን፣ ሞተርን በወጉ ዳግም የመሥራት ሙያ ከቅንጦት ወደ አስፈላጊነት ይሸጋገራል።

ዳግም ሥራ በመለካት ይጀምራል። ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ከፍታ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ምክንያቱም ሲሊንደር ሲያልቅ ክብነቱንም ቀጥነቱንም ያጣል። እዚህ ላይ መለኪያው የሚሊሜትር መቶኛ ነው፣ ከፀጉር ውፍረት በታች። ቶርኖ ቤት የሚቦረቡረው ሲሊንደር ለአዲሱ ፒስተን ልክ ይሰፋል፤ ለሱባሩ የመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ነው። የአሉሚኒየም ብሎክ ግን አንድ ጠባይ አለው። የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ ሲሊንደሩ ትንሽ ይጣመማል። ስለዚህ ብሎኩ ላይ ቴስታታውን የሚተካ ወፍራም ሳህን በትክክለኛው ጥብቀት ታስሮ፣ ብሎኩም እንደሚሠራበት ሁኔታ ተወጥሮ ሳለ መቦርቦርና መሞረድ አለበት። ሳህኑ ሳይታሰር የተቦረቦረ ሲሊንደር በማሽኑ ላይ ክብ ነው፤ ሞተሩ ሲገጠም ግን ክብ አይደለም። ቶርኖ ቤት ሲመረጥ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ይህ ሳህን መኖሩ ነው።

ሁለት ክፍተቶች የሞተሩን ዕድሜ ይወስናሉ። የብሮንዚና ክፍተት በሠሪዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር የዘንግ ውፍረት አንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ነው፤ የኢጄ25 የቢየላ ማረፊያ 52 ሚሊሜትር ስለሆነ ክፍተቱ 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚህ በጣም ከጠበበ ዘይት አይገባበትም፣ በጣም ከሰፋ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። የላይኛው ፋሻ ጫፎች ክፍተት ደግሞ ለቱርቦ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት አምስት ሺህኛ ያህል ይያዛል፤ ለ99.5 ሚሊሜትር 0.5 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ፋሻ ሲግል ይረዝማል። ክፍተቱ ከጠበበ ሁለቱ ጫፎች ይገናኙና ፋሻው ሲሊንደሩን ነክሶ ፒስተኑን ይሰብረዋል፤ ባለቤቱም ኖኪንግ ነው ብሎ ነዳጁን ይከሳል። ከካርቶን ወጥቶ ሳይለካ የተገጠመ ፋሻ ያበላሸው ሞተር ብዙ ነው።

የአማርኛ ጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው የጣሊያን ነው፦ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ብሮንዚና፣ ኮፓ፣ ፍሪሲዮን። ኢንተርኩለር፣ ኢንጀክተርና ሴንሰር ግን በእንግሊዝኛ ገቡ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት የሚናገረው መካኒክ በጆሮና በእጅ የተማረ፣ የሁለተኛዎቹን የሚናገረው በኮምፒውተር የተማረ ነው ቢባል ብዙ አይራቅም። የቱርቦ ሞተር ዳግም ሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ይፈልጋል።

ንጽሕና ከልኬት እኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው እሱ ነው። ብሮንዚናው ተፍቆ የሞተ ሞተር ብናኙን ዘይት በሚሄድበት ሁሉ በትኗል። ክራንክሻፍቱ ውስጥ ያሉት የዘይት ቀዳዳዎች በብሩሽ ይታጠባሉ። የዘይት ፓምፑ ይቀየራል። የዘይት ማቀዝቀዣው ደግሞ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ስለሆነ ታጥቦ አይጠራም፤ መጣል አለበት። ቱርቦው፣ የዘይት መስመሮቹና የቫልቭ ጊዜን የሚያስተካክሉት ትናንሽ የዘይት በሮች እንዲሁ ይታያሉ። አዲስ ሞተር በአሮጌ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ሰው የድሮውን ብሮንዚና ለአዲሱ መግቧል።

ከዚህ በኋላ ብቻ ስለ ማጎልበት ማውራት ትርጉም ይኖረዋል። ተመትቶ የተሠራ፣ ፎርጅድ የሚባለው ፒስተን በሁለት ዋና ዓይነት ይመጣል። 4032 በሚባለው ቅይጥ የተሠራው 12 በመቶ ገደማ ሲሊኮን ስላለው በሙቀት ብዙ አያብጥም፤ ጠባብ ክፍተት ይበቃዋል፣ ለዕለት መኪና ይስማማል። 2618 ሲሊኮን የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምት ይችላል፣ ግን ብዙ ስለሚያብጥ ሰፊ ክፍተት ይፈልጋል፤ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ሲያንኳኳ ይሰማል። ለውድድር ካልሆነ በቀር የመጀመሪያው የተሻለ ምርጫ ነው። ጠንካራ ቢየላ፣ ጠንካራ የቴስታታ ብሎንና ከብዙ ስስ የብረት ንብርብር የተሠራ ጓርኒሲዮን ይከተላሉ። ለዚህ ጓርኒሲዮን የብሎኩና የቴስታታው ፊት እንደ መስታወት መለስለስ አለበት፤ አለዚያ ውሃ ያሳልፋል። የዘይት መሳቢያ ቱቦው በተጠናከረው ይቀየራል። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፣ ከሁሉም መጀመሪያ መገዛት ያለበትም ይህ ነው።

ጉልበት የሚመጣው ከነዳጅ ስለሆነ የነዳጁ ሂሳብ ከቱርቦው ምርጫ ይቀድማል። የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ነዳጅ ይፈልጋል። 300 የፈረስ ጉልበት ወደ 110 ሊትር በሰዓት ይሆናል፤ ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈልና ኢንጀክተሩ ከጊዜው 85 በመቶ በላይ እንዳይከፈት ሲደረግ እያንዳንዱ በደቂቃ 540 ሲሲ ያህል መርጨት አለበት። 400 ለማድረስ ይህ ወደ 720 ያድጋል። ሂሳቡን ሳይሠራ ትልቅ ቱርቦ የገጠመ ሰው አየሩን ጨምሮ ነዳጁን ባለበት ትቷል፤ ውጤቱ ከላይ የተነገረው የተበሳ ፒስተን ነው። 85 በመቶ ኤታኖል የሆነው ነዳጅ ኖኪንግን በጣም ይከላከላል፤ በመጠን ግን ከቤንዚን 30 በመቶና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ስለሚፈልግ ፓምፑም ኢንጀክተሩም አብረው ይለወጣሉ።

ትንሽ የሚመስል ለውጥም ነዳጁን ያዛባል። በሱባሩው ላይ አየር የሚለካው ሴንሰር ከአየር ፊልትሮው ጀርባ ያለው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው በሰፊ ከተተካ ሴንሰሩ ያንኑ አየር አሳንሶ ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያሳንሳል። አንድ የተወለወለ የአሉሚኒየም ቱቦ ያለ ማስተካከያ ተገጥሞ ፒስተን ሊያሰብር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። በናፍጣው በኩል ያለው አቋራጭ ነዳጅ የምትጨምር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ናት። ጥቁር ጭስ ጉልበት ይመስላል፤ ያልነደደ ነዳጅ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ በሚወጣ መኪና ላይ ከተርባይኑ በፊት ያለው የጋዝ ሙቀት ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የአሉሚኒየም ፒስተን መለስለስ ይጀምራል። የናፍጣ ሞተሩን ማጎልበት የሚፈልግ ባለመኪና ከሳጥኑ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ቢያስገጥም ይሻለዋል። የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ማሳደግ፣ ራዲያተሩን ማደስ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ መቀየር ደግሞ ለሞተሩ ጉዳት የሌለባቸው ማሻሻያዎች ናቸው።

የመጨረሻው ማስተካከያ የኮምፒውተሩ ካርታ ነው፤ በየዙሩና በየጭነቱ ስንት ነዳጅ፣ ብልጭታው መቼ፣ ግፊቱ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው። በሙሉ ጭነት ላይ ያለ የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለ1 ኪሎ ነዳጅ 11 ወይም 11.5 ኪሎ አየር ይሰጠዋል፤ ንጹሕ ማቃጠያ ከሆነው 14.7 ነዳጁ የሚበልጠው ትርፉ ሲሊንደሩን እንዲያቀዘቅዝ ነው። ካርታው በተሠራበት ከተማ ነዳጅና ከፍታ ልክ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የተሠራ ካርታ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ቱርቦውን ከአቅሙ በላይ ሊያሽከረክረው ይችላል፤ ስለዚህ መኪናው በሚነዳበት ቦታ መለካት አለበት። ፍሪሲዮንና ካምቢዮም በሂሳቡ ውስጥ ይገባሉ። ከኤስቲአይ ዝቅ ያለው የሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በደካማነቱ የታወቀ ነው፤ የኤስቲአዩ ባለ ስድስት ብዙ ይችላል።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ወዲያው አይነሣም። የኢንጀክተሮቹ ሽቦ ተነቅሎ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ሳይሰጠው፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ በማስነሻው ብቻ ይዞራል። ቱርቦው ከመገጠሙ በፊት በመግቢያ ቀዳዳው ዘይት ይንጠባጠብለታል። ከተነሣ በኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አይተውም፤ ፋሻ ሲሊንደሩ ላይ የሚቀመጠው በጭነት ነውና፣ ሙቀቱ ልክ ሲሆን መንገድ ወጥቶ በመካከለኛ ዙር እየተጫነና እየተለቀቀ ይነዳል። የመጀመሪያው ዘይት ተራ የማዕድን ዘይት ነው፤ ከ50 ኪሎሜትር በኋላ ይፈሳል፣ ሁለተኛው 500 ላይ፣ ሦስተኛው 1,600 ላይ። በእያንዳንዱ ጊዜ የወጣው ፊልትሮ በመጋዝ ተከፍቶ ወረቀቱ ተዘርግቶ ይታያል። በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ብናኝ መኖሩ የተለመደ ነው፤ በሁለተኛው መቀነስ፣ በሦስተኛው መጥፋት አለበት። ሦስተኛው ፊልትሮ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ቱርቦው ሙሉ ግፊት አይሰጠውም።